በስዊዘርላንድ በኩል የተላከ ዕቃ

ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ለሚኖር አበሻ ዕረፍት ማለት አቅጣጫ ነው። "ከሥራ ዕረፍት ወሰድኩ" ብትሉ "የት ልትሄጂ?" ብሎ የሚጠይቃችሁ የለም። "መቼ ነው የምትገቢው?" ነው የሚባለው። የሚገባበት አገር ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ሌላ ቦታ አይኬድም ማለቴ አይደለም። ለሠርግ ሚኒሶታ ይኬዳል። ለለቅሶ ዳላስ ይኬዳል። ለጉባኤ ዋሽንግተን ይኬዳል። ለእነዚህ ሁሉ በቂ ምክንያት አለ፤ ወይ ጋብቻ፣ ወይ ሞት፣ ወይ መንፈስ ቅዱስ። ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳያገባ፣ ሐይቅ ለማየት ብቻ አውሮፕላን ላይ መውጣት ግን በእኛ ዘንድ ገና ስም አልወጣለትም። "ምን ነካት?" ነው የሚባለው።

ባለፈው ሰመር እኔና ባለቤቴ ስዊዘርላንድ ሄድን።

ይችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ስንት ዙሪያ እንደዞርኩ አያችሁልኝ።

ጥፋቱ የደረጀ ነው ብዬ ልጀምር። ደረጀ ባለቤቴ ነው፤ ግሮቭፖርት ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች እየጫነ በከባድ መኪና ዕቃ ያደርሳል። ኦሃዮን የማያውቅ ካለ፣ በደንብ የተተኮሰ አንሶላ ያስብ። ደረጀ ያንን አንሶላ ከዳር እስከ ዳር ለዓመታት ሲነዳው ኖረና አንድ ቀን እራት ላይ፣ እንደ እርጉዝ ሴት፣ "ዳገት አማረኝ" አለ።

"ጎንደርም እኮ ዳገት አለ" አልኩት። የተወለደው እዚያ ነው።

"ጎንደር ስሄድ ዳገቱን ማን ያሳየኛል? ከአክስቴ ቤት አጎቴ ቤት፣ ከአጎቴ ቤት ደግሞ ለምን ቀድመህ እኛ ጋ አልመጣህም የሚል ሌላ አጎት ቤት። እሱ ዕረፍት አይደለም፣ ኦቨርታይም ነው።"

የእኔ እናትና አባት ሞተዋል፤ አገር ቤት በር በሩን እያየ የሚጠብቀኝ ሰው የለም። ይህ ግን ነገሩን አያቀለውም። እንዲያውም "እናት አባቷ ሲያልፉ አገሯንም ቀበረችው" ይባልልኛል። ከኮሎምበስ ዳር፣ ደብሊን በምትባለው ከተማ ባለው ቢሮዬ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት በማገላብጥበት፣ ስዊዘርላንድ ልሄድ ነው ስል "ኦ፣ ናይስ" ብለው ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሩ። በዚያ ቀላልነታቸው ቀናሁ።

የጨነቀኝ የረቡዑ የጸሎት ቡድናችን ነበር። የምንሰበሰበው ኢስትሙር፣ እትዬ ሙሉነሽ ሳሎን ውስጥ ነው። ከጸሎት በፊት ሁሉም ርእሱን ያቀርባል። አንዷ ቀን ሽማግሌ እያጠበች ማታ ሽማግሌ እያስተኛች ወገቧ ተቆርጧል፤ አንዱ ወንድሙ ታሟል፤ አንዷ ባሏ ቪዛ ተከልክሏል። ተራው እኔ ጋ ደረሰ። እዚህ መሀል "እኔ ደግሞ ተራራ ልጎበኝ ነውና ደመናው እንዲገለጥልኝ ጸልዩልኝ" ልበል?

"መንገድ አለብኝ፣ በጸሎት አስቡኝ" አልኩ።

ውሸት አይደለም። መንገድ አለብኝ። የቀረውን እነሱ ሞሉት። "እሰይ፣ አገርሽን ልታዪ ነው" አለችኝ አጠገቤ ያለችው። "አሜን" አልኳት። ያ አሜን ከዚያ ወዲህ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

መንገደኛ መሆናችሁ ከታወቀ በማግስቱ ስልክ መጮኹን ታውቃላችሁ። ለአንዲት እናት ጫማ መጣ፤ ኪሎዬ ሞላ አልኩ። ለአንድ አባት የደም ግፊት መለኪያ መጣ፤ ኪሎዬ ሞላ። ኪሎ የመንገደኛ ጋሻ ነው፤ ማንም አይቀየምበትም። ሻንጣዬ ገና ከአልጋው ሥር አልወጣም ነበር።

የምንሄድ ዕለት ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ሙሉነሽ ናቸው። ልጃቸው መኪና ውስጥ እየጠበቃቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸው ላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አሳዩኝ።

"የወርቁ ናት" አሉ። ጋሽ ወርቁ አዲስ አበባ ያሉት ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። "የጆሮ መስሚያ ነው። ልጄ ከፋርማሲ ገዛልኝ።"

"እትዬ፣ ኪሎዬ እኮ…"

"ክብሪት ነው የሚያህለው።"

ጋሻዬ እዚያው በሩ ላይ ወደቀ።

"ስደውልለት አይሰማም" አሉ። "የልጅ ልጁ ስልኩን ይይዝና ጆሮው ሥር ይጮህበታል። እኔ እንዴት አደርክ ስል፣ ልጁ 'እንዴት አደርክ ትልሃለች' ብሎ ይጮሃል፣ ጎረቤቱ በሙሉ ይመስገን ይለኛል። ለሰላምታ ይሁን። አሁን ግን ለእሱ ብቻ የምነግረው ነገር አለኝ። በልጅ አስጩኼ የምነግረው አይደለም። ሁለታችንም ዕድሜያችንን እያየሽው ነው።"

ልጄ ሶስና ከኋላዬ ቆማ ትሰማለች። "ማም፣ ጀስት ቴል ኸር" አለችኝ፤ ዝም ብለሽ ንገሪያቸው ማለቷ ነው።

"ምን አለች?" አሉ እትዬ ሙሉነሽ።

"በሰላም ያቆይዎት እያለችዎት ነው።"

"ትደግ" ብለው ሳጥኗን እጄ ላይ አስቀመጡና ሄዱ። ሶስና አየችኝ። እኔ ሻንጣ አየሁ።

እንግዲህ ስዊዘርላንድን ለመጎብኘት የምታስቡ ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሉዘርን ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። ጣሪያ ያለው ረጅም የእንጨት ድልድይ አላት፤ ዳርና ዳሩ አበባ ነው፤ ከሥሩ አንገታቸው የረዘመ ነጫጭ ወፎች የራሳቸው ውሃ ይመስል ዝግ ብለው ይንሳፈፋሉ። ደረጀ ድልድዩን ያያል፤ እኔ ድልድዩን የሚሻገሩትን ሰዎች ፊት። አበሻ ፍለጋ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አንድ ሰው ካገኘሁ ከነኃጢአቴ ሸክሜን አወርዳለሁ ብዬ ነበር። አበሻ በሰው አገር እንዴት እንደሚገኝ ታውቃላችሁ፤ ዓይን ለዓይን ትጋጫላችሁ፣ አንዳችሁ ቀድማችሁ አንገት ትሰብራላችሁ። የመርከብ ገመድ የሚያስር አንድ ጎልማሳ አንገቱን ሰበረልኝ። ኤርትራዊ ነው።

"እኔ እንኳ ወደዚያ አልሄድም፣ እህቴ" አለኝ። "ቱን የሚባል ከተማ ገነት የምትባል አለች፤ በየዓመቱ ትገባለች። ቁጥሯን ልስጥሽ።"

ስዊዘርላንድም ሆኖ ይገባል።

መርከቡ ላይ ደረጀ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ነፋስ ተቀበለ። እኔ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሳጥኗን በፕላስቲክ ጠቅልዬ፣ ፕላስቲኩን ሶክስ ውስጥ ከትቼ፣ ሶክሱን የደረት ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ ስለነበር ጠብታ እንዳይረጨኝ ከመስኮት ራቅሁ። ሐይቁ የሚያምር ነው ይላሉ።

ኢንተርላከን በሁለት ሐይቆች መካከል ነው ያለችው። አንደኛውን ያየሁት የገነት ስልክ ሳይነሳ፣ ሌላኛውን ደግሞ ተይዞ ነው። ላውተርብሩነን ከግራ ከቀኝ ገደል ያለበት ሸለቆ ነው፤ ከገደሉ አናት ፏፏቴ እንደ ነጠላ ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ገነት ስልኩን ያነሳችው እኔ ልክ ፏፏቴው ሥር ስደርስ ነው።

"የጆሮ መስሚያ ነው" አልኳት።

"ምን?"

"የጆሮ መስሚያ።"

"አልሰማሽም፣ ጮክ በይ።"

ጮህኩ። ፏፏቴውን ፎቶ ሲያነሱ የነበሩት ቱሪስቶች ዞረው እኔን አነሱኝ።

ዜርማት መኪና የማይገባባት ከተማ ናት፤ ከባድ መኪና ለሚነዳ ሰው ይህ ብቻውን ገነት ነው። ማተርሆርን የሚባለው ሹል ተራራ ከላይዋ ቆሟል፤ ብዙ ጊዜ ግን ደመና ይለብሳል። ጠዋት ደረጀ በቀስታ፣ ተራራውን ላለማስበርገግ ይመስል፣ "ነይ፣ ተገለጠ" አለኝ። "አንድ አፍታ" አልኩት፤ ገነት መልሳ ደውላ ነበር። አውሮፕላኗ መቼ እንደሆነ፣ የት እንደምንገናኝ፣ ጋሽ ወርቁ የት ሰፈር እንደሆኑ ስንጨራረስ ዞር አልኩ። ነጭ ደመና ብቻ። ማተርሆርንን ያየሁት በደረጀ ስልክ ነው። ከፊት ለፊቱ የኔ ጀርባ አለበት።

ደረጀ አልተቆጣም። "የመጣነው ለተራራው ነው ወይስ ለጋሽ ወርቁ?" ብቻ አለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቱን ደግሞ ኮረብታ ላይ የድሮ ግንብ አላት፤ ባቡር ጣቢያዋና የመርከቡ ማቆሚያ ጎን ለጎን ናቸው። ገነት እዚያ ጠበቀችኝ። አረጋውያን ትንከባከባለች፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች ዓይኗ ደክሟል።

"ክፈቺው" አለችኝ። ትክክል ናት፤ ያልተከፈተ የሰው ዕቃ አይያዝም። ከቦርሳ፣ ከሶክስ፣ ከፕላስቲክ አወጣሁት። "አሜሪካ ሆነሽ አዲስ አበባ ለመላክ ስዊዘርላንድ ድረስ መጣሽ?"

"በቀጥታ የሚሄድ ሰው አጣሁ።"

ከዚያ ሳጥኗን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ "የእናንተ አገር ኑሮ ከባድ ነው ሲሉ እሰማለሁ" አለች።

ቤታችን ከተመለስን በኋላ መልእክቷ ደረሰኝ። "ሰጥቻቸዋለሁ። በደንብ ሰሙ። የጎረቤት ሬዲዮ ረበሸኝ እያሉ ነው።" ፎቶም አብሮ ነበር፤ ጋሽ ወርቁ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ለወታደር ሰላምታ የሚሰጡ ይመስላሉ። አለቀስኩ። ረቡዕ ሄጄ ሁሉንም በግልጽ እናገራለሁ ብዬም ወሰንኩ።

ረቡዕ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ "አገር እንዴት ነው?" አሉኝ።

አፌ ከእኔ ቀድሞ "ይመስገን፣ ደህና ነው" አለ።

"ዝናቡስ?"

"አልፎ አልፎ።"

"በረዶ አለ ሲሉ ሰማን" አለ ወንድሙ የታመመበት ሰው። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ሌሎቹ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገለጡ። በዚያን ዕለት የተጸለየው ስለ ምን እንደነበር አላስታውስም።

ሰዉ ሲወጣ እትዬ ሙሉነሽ እጄን ይዘው አስቀሩኝ።

"ወርቁ መስሚያውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ መጀመሪያ የሰማው ያቺ ሴት 'ከስዊዘርላንድ ነው ያመጣሁልዎት' ስትል ነው" አሉ። "ለእኔም መጀመሪያ የነገረኝ እሱን ነው።"

"ሁሉም ያውቃሉ?"

"ሁሉም እንኳ አያውቁም። ዛሬ ያልመጡት አሉ።"

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ…" ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

"እሱን ተይው። ልጅ ነሽ፣ ሐይቅ ብታዪ ምን አለበት። ሌላ ነገር ነው የምጠይቅሽ።" ተቀመጡ። "ያልኩሽን ነገር ነገርኩት። እኔና እሱ ስንሞት አባታችን አጠገብ ነው ተባብለን ነበር። እኔ እንግዲህ አልመጣም፣ ባሌ እዚህ ነው ያረፈው፣ ልጆቼም እዚህ ናቸው፣ ቦታዬን እዚሁ አድርጌዋለሁ አልኩት። ቆይቶ 'እሺ' አለኝ። በማግስቱ ስደውል ስልኩን ያነሳው የልጅ ልጁ ነው። መስሚያው ተበላሽቷል አለኝ። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ተበላሽቷል ነው።"

ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ዕቃው አንቺ ጋ ነበር። አገሩ በረዶና ውሃ ነው ይላሉ። እርጥበት ነክቶት ይሆን?"

ያ መስሚያ ከእኔ ጋር በነበረበት ጊዜ ሁሉ ከእኔ ይልቅ ደርቆ የሰነበተ ነው። ሐይቅ ያላየሁት ለእሱ ብዬ ነው። እውነቱን ልናገር ቆርጬ የመጣሁበት ቀን ነበር፤ እውነቱም ምላሴ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እትዬ ሙሉነሽ ግን የሐኪም መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ያዩኛል።

"ነክቶታል፣ እትዬ" አልኩ። "መርከብ ላይ ውሃ ረጨው። የእኔ ጥፋት ነው፣ አልተጠነቀቅኩም።"

ትከሻቸው ወረደ።

"እኔም ብያለሁ" አሉ። "ወርቁ እንደዚያ የሚያደርግ ሰው አይደለም።"

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ነገሩ ቀድሞኝ ደርሷል። መጀመሪያ መስሚያውን ሐይቅ ውስጥ ጥያለሁ ተባለ። ከአምልኮው በኋላ ምግብ ሲቀርብ ደግሞ ይዤው ዋኝቻለሁ። ዋና አልችልም፤ ግን መዋሸት ከጀመርኩ ወዲህ የማስተባብለው ስለበዛ ይህንን ተውኩት። ደረጀ ሰው ሲጠይቀው "ውሃው ቀዝቃዛ ነበር" ብቻ ይላል።

እትዬ ሙሉነሽ ሌላ መስሚያ አስገዙ። እኔን አላመኑኝም፤ እኔም ብሆን ራሴን አላምንም። ባለፈው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አንድ ጠንቃቃ ሰው አግኝተው ሰጡት፤ አሁን ስልካቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። ይኼኛው ግን በቀጥታ ነው የሄደው። ይኼኛውም ተበላሽቷል ቢባል፣ መንገዱ ላይ ሐይቅ የለም። እኔን እያስጨነቀኝ ያለው እሱ ነው።