የገብስ ዛላ የታተመበት ገል

ዕቃ ሲሰበር «ተወው፣ ገል ነው» ብለህ ታውቃለህ ወዳጄ? እኔም እል ነበር።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አገሬው ጋኗን ከቁይ ገበያ ገዝቶ ይጠጣበታል፤ እሷን ግን ቡዳ ይላታል። እጇን እየሰደበ የእጇን ሥራ ቤቱ የሚያስገባ ሰው አይገርምህም? ጭቃው ሳይደርቅ የጋኑን አንገት ዙሪያውን በገብስ ዛላ ታትመዋለች። መጨረሻ ላይ በአውራ ጣት ጥፍሯ አንድ ጊዜ ጫን ታደርጋለች። ፊርማዋ እሱ ነው።

ጣልያን ሊገባ ዓመት ሲቀረው ሞተች። ጣልያን ደግሞ ኮረብታችንን ለምሽግ ፈለገውና መንደሩን አስነሥቶ ቤታችንን ከነዕቃው ደረመሰው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ሆኜ አንዲት ስባሪ እንኳ አልቀረችኝም። ይባስ ብሎ ምሽጉን እንድቆፍር በግድ ተወሰድኩ።

አንድ ቀን ዶማዬ ቀጭ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳነሣው የጋን አንገት ነው። የገብስ ዛላው አለ፤ ጥፍሯም አለ። አውራ ጣቴን እዚያ ላይ አሳርፌ ቆምኩ። ምን ልበልህ፣ እንደ ሕፃን ናፈቀችኝ።

ቁፋሮውን የሚያዘው የጣልያን ካፒቴን ከእጄ ቀማኝ። አገላብጦ ሲያየው ፊቱ በራ። የጥንት ሮማውያን እዚህ ድረስ መጥተው ነበር፣ ማስረጃው ይኸው ይላል አለኝ አስተርጓሚው። የእናቴ ሥራ ነው፣ ስጠኝ አልኩት። ሳቀ። የአንተ እናት እንዲህ ያለ ነገር ልትሠራ አትችልም አለ።

ይህን እንዴት ልዋጠው? አክስቴ ጠላ የምትጠምቅበት አንድ የእናቴ ጋን ነበር። ስንት ለምኛት፣ በገመድ አዝዬ ኮረብታውን ወጣሁ። ያው ዛላ፣ ያው ጥፍር፤ እንግዲህ ገሌን መልስልኝ አልኩት።

ካፒቴኑ ጋኑን ሦስቴ ዞረው። ሙሉው ተገኘ እያለ በጭድ አስጠቀለለው፤ ገሉንም ጋኑ ሆድ ውስጥ ከተተና ሁለቱንም ወደ ሮም ላካቸው። እኔን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እውነት ይዞ መሄድ ትርፉ ይህ ነው።

አክስቴ ዘንድ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ጋኑስ አለችኝ። ሮም ሄደ አልኳት።

«ምን ደግሰው ነው ልጄ?»

ዓይኔን ጋኑ ወደነበረበት ጥግ መለስኩ።

«እንግዲህ ድግሳቸው ሲያልቅ ይመልሱታል» አለች።

ጣልያን ከወጣ ስንት ዘመኑ። እሷም እየጠበቀች ሞተች። እኔ ግን እስከ ዛሬ፣ ከሮም ሰው መጣ ሲሉኝ፣ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው።