ጋሽ ብርሃነመስቀል በቤንዚን ወረፋ

በየሰፈሩ ከፖሊስ በላይ የሚፈራ አንድ ደግ ሰው አይጠፋም። የእኛው፣ ክቡር ጋሽ ብርሃነመስቀል ናቸው። ብስክሌታቸው ከሩቅ ብቅ ሲል የገዛነውን ዕቃ ከመኪና ወንበር ሥር እንወትፋለን።

ጋሼ አትላንታ አጠገብ፣ ዲኬተር ከተማ ውስጥ፣ ኩዌከር ከሚባሉ ክርስቲያኖች ጋር ይጸልያሉ። ሰዎቹ ሰባኪ የላቸውም፤ ክብ ሠርተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ጋሼ ታዲያ እዚያ ያጠራቀሙትን ንግግር በሙሉ እኛ ላይ ያወርዱታል። «ይኼ አስፈልጎህ ነው ወይስ አምሮህ?» ትልቁን ቴሌቪዥን የገዛሁ ሰሞን ባለቤቴ አያንቱ ብርድ ልብስ አልብሳ «ቁም ሳጥን ነው» ብላቸዋለች። ጎረቤታችን ለገሰ ያን ግዙፍ መኪናውን በገዛ ደጁ ፓርክ ማድረግ ፈርቶ ማዶ መንገድ ያቆመዋል። «የምናግበሰብሰው ነገር ነው ኋላ የሚያጋድለን» ሲሉን እንስቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 መስከረም ላይ አትላንታ ቤንዚን ጠፋ። ታክሲ ነጂ ነኝ፤ ካልቀዳሁ ሥራ የለም። ከአያንቱ ጋር አቮንዴል እስቴትስ የሚባለው ሰፈር አጠገብ አንድ ማደያ ወረፋ ያዝን። የነዳጅ መለኪያው መርፌ ቀዩን ነክቷል። ድንገት አንድ ፒክአፕ ከፊታችን ካለው መኪና ፊት ጥሶ ገባ። የተቀደመው ሰውዬ ወርዶ ጮኸበት። ባለ ፒክአፑም ወረደ፤ ሽጉጥ ይዟል።

«ጎንበስ በል!» አለችኝ አያንቱ። መሪው ሥር ተቀበርኩ። ቀና ስል፣ በዚያ ሲያልፉ የነበሩት ጋሽ ብርሃነመስቀል ብስክሌታቸውን የማደያው ግድግዳ አስደግፈው ወደ ሰዎቹ ይራመዳሉ። «ጋሼ፣ ይመለሱ!» ልል መስኮቱን ሳወርድ ደርሰውባቸዋል።

መካከላቸው ገብተው ቆሙ።

«ዞር በል፣ ሽማግሌ!» ብሎ አምባረቀ ባለሽጉጡ። ጋሼ ዝም። አፈሙዙ ደረታቸው ላይ ነው፤ እሳቸው ዓይን ዓይኑን ያዩታል። ከኋላችን ሕፃን ያለቅሳል። አያንቱ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። አሁን ተኮሰ፣ አሁን ተኮሰ እላለሁ።

ሰውዬው ተራገመ። ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሻጠና መኪናውን አስነስቶ በረረ።

ሮጠን ስንደርስ ጋሼ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«አልፈሩም እንዴ?» አልኳቸው።

«ፈርቼ አይደል እንዴ ዝም ያልኩት! የምለው ጠፍቶኝ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ እባክህ ቤት አድርሰኝ። እግሬ ከዳኝ።»

ተራዬ ሊደርስ ሁለት መኪና ብቻ ቀርቶኛል። ዞሬ አያንቱን አየኋት። ብስክሌቱን ታክሲው ላይ እየጫነች ነበር። ሞተሩን አስነሥቼ ከወረፋው ወጣሁ።