ሐጂ ኢድሪስ ያላቆሙበት ቁልቁለት

እኛ አገር አውቶቡስ ጡረታ አይወጣም፤ ይዛወራል። በወጣትነቱ አዲስ አበባን ያያል፣ ጎልመስ ሲል ነቀምቴ ይመደባል፣ ወገቡ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አሶሳ ይመጣል፣ በመጨረሻም ወደ ካማሺ መንገድ ይላክና እዚያው ብሎን በብሎን ይበተናል። መቀመጫው የሻይ ቤት አግዳሚ፣ ጣሪያው የዶሮ ቤት ክዳን ይሆናል። ስለዚህ የከተማችን ጡረተኛ ሾፌሮች ተሰባስበው «የአሮጌ አውቶቡሶች ቀን እናከብራለን» ሲሉ የሳቅነው ብዙ ነን። ጎረቤቴማ «አዲስ አውቶቡስ የሚመጣበትን ቀን ብናከብር አይሻልም?» አለችኝ። አልተሳሳተችም። እኔ ግን ሄድኩ። ሰው እንደኔ ፀጉሩን ቀለም መቀባት ሲጀምር፣ ከራሱ በላይ አርጅቶ አሁንም የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ልቡ ይሞቃል።

ቀኑን የመረጡት ሾፌሮች እንጂ ገበሬዎች እንዳልሆኑ የታወቀው ገና በጠዋቱ ነው። ክረምት መሃል። መናኸሪያው ስንደርስ ዝናቡ ቀድሞን ገብቷል። መጀመሪያ ከተማውን የዞርኩት የእንጨት አግዳሚ ባላት አፍንጫማ ሎንቺና ነው። ጣሪያዋ ከማፍሰሷ የተነሳ ዣንጥላ ዘርግተን ነው የተቀመጥነው። እናንተ ታሾፉ ይሆናል፤ እኔ ግን ሞተሯ ዳገቱን እያጉረመረመ ሲወጣ ከደስታ ብዛት ጎኔን የሚያርሰውን ውሃ ረስቼው ነበር።

ከዚያ ባምባሲ ወደሚሄደው የሐጂ ኢድሪስ ሰማያዊ አውቶቡስ ተዛወርኩ። ሐጂ የአሶሳ ተወላጅ ናቸው፤ መንገዱ ኮረኮንች በነበረበት ዘመን ከአሶሳ ባምባሲ ሲመላለሱ የኖሩ ሾፌር። ሥራ ካቆሙ በኋላም አውቶቡሱን አልሸጡትም። ግቢያቸው ውስጥ ማንጎው ሥር አቁመው፣ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ሞተሩን ያስነሱታል፤ ትንሽ ያዳምጡታል፤ ያጠፉታል። ሰው የታመመ ወዳጁን የሚጠይቀው እንደዚህ ነው።

የኋላው ወንበር ላይ ኦቦ ገመቹን ሳይ ግን ደነገጥኩ። ወላጆቻቸው ከወለጋ መጥተው ባምባሲ የሰፈሩ፣ በዚያው መንገድ ላይ ቀይ አውቶቡስ ይነዱ የነበሩ ሰው ናቸው። የእሳቸው አውቶቡስ ዛሬ የለም፤ ልጆች ሲያስተምሩ በመለዋወጫነት ተሸጦ አልቋል። የደነገጥኩት ሁለቱ ሰዎች ስለማይነጋገሩ ነው። ለቅሶ ቤት ይገናኛሉ፣ አንዱ የሌላውን ልጆች አቅፎ ይስማል፣ እርስ በርሳቸው ግን ቃል የላቸውም። ዝግጅቱን ያሰናዱት ሰዎች በሚያፈሰው አውቶቡስ ሽማግሌ አናስቀምጥም ብለው ነው እዚህ ያመጧቸው።

የጠቡን ምክንያት አውቃለሁ፤ በቦታው ነበርኩ። ያኔ አሶሳ የምማር፣ ለእረፍት ባምባሲ ቤተሰቦቼ ጋ የምሄድ ተማሪ ነኝ። አንድ ክረምት ኦቦ ገመቹ ከባምባሲ ወዲህ ባለው ረጅም ቁልቁለት ግርጌ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀሩ። ተሳፋሪያቸው ጫማውን አውልቆ ይገፋል። እኛ በሐጂ አውቶቡስ ከላይ ስንወርድ ኦቦ ገመቹ መንገዱ መሃል ወጥተው ሁለት እጃቸውን አወዛወዙ፤ የመጎተቻ ገመድ ፈልገው ነው። ሐጂ ክላክሳቸውን አስጮሁ፣ ጠርዙን ታከው፣ ሰውዬውን ጭቃ አልብሰው አለፉ። እኛ ተማሪዎቹ አጨበጨብን። ሾፌር ማለት ለማንም የማያቆም ነው አልን። በዚያ ዕድሜ ጀግና ርካሽ ነው።

እንግዲህ ያ ቁልቁለት ነው ዛሬም ከፊታችን ያለው። አሁን አስፋልት ለብሷል፤ ዝናቡ ግን ያው የድሮው ነው። ጫፉ ላይ ስንደርስ የመስታወቱ መጥረጊያ ቀጥ አለ። ሐጂ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ለማየት ሞከሩ፤ ውሃው ዓይናቸውን ሞላው። መንገዱ ጠባብ፣ ከኋላችን የጭነት መኪና አለ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

ኦቦ ገመቹ ተነሡ። መቀመጫዎቹን እየተደገፉ ወደ ፊት መጥተው ጋቢና ገቡ። የሆነ ሰው ምርኩዝ ያደረገውን ቀርከሃ ተቀብለው ጫፉ ላይ ፎጣቸውን አሰሩበት፤ በግራ እጃቸው የበሩን ብረት ጨብጠው፣ ግማሽ ሰውነታቸውን በመስኮቱ ወደ ዝናቡ አውጥተው መስታወቱን ይጠርጉ ጀመር። ባለ አውቶቡስ የነበረ ሰው፣ የማያናግረው ሾፌር ረዳት ሆኖ።

«ቀኝ ያዝ» አሉ። ከዚያን ክረምት ወዲህ ለሐጂ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

ሐጂ ቀኝ ያዙ።

«ቀስ። ጋሪ አለ።»

አንዱ እያዘዘ ሌላው እየታዘዘ ወረድን። ግርጌው ስንቃረብ ኦቦ ገመቹ እየጠረጉ «እዚህ ጋ ነበር» አሉ። «ዓይን ለዓይን ተያይተናል። ለምንድነው ያላቆምከው?»

ሐጂ ማርሽ ቀነሱ። «ገመቹ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ወላሂ፣ ፍሬን የለም ነበር።»

የኦቦ ገመቹ እጅ ቆመ፤ መስታወቱ ወዲያው በውሃ ተሸፈነ።

«ጥረግ እንጂ፣ አይታየኝም» አሉ ሐጂ።

ጠረጉ። «እንዴት የለም?»

«ላይ ጫፉ ጋ ፔዳሉን ስረግጠው ገባ፣ አልተመለሰም። በማርሽ ብቻ ወረድኩ። ክላክስ የነፋሁት ገለል በል ብዬ ነው።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርከኝም?»

«ሾፌር ፍሬን የለኝም ብሎ ይናገራል? ሰው ሁሉ ወደ አንተ አውቶቡስ ይሄዳል።»

ከኋላዬ የተቀመጠች የባምባሲ ነጋዴ በቀጭን ድምፅ «ወራጅ አለ» አለች። ሐጂ ግን እዚያ የሚያቆሙ ሰው አይደሉም።

ኦቦ ገመቹ መጥረጋቸውን ቀጠሉ። እጅጌያቸው ይንጠባጠባል። በኋላ «ሰው ሞልተህ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«እስከ በሩ።»

«ያንን ጠርዝ፣ ያለ ፍሬን፣ ሰው ሞልተህ?»

«አልሃምዱሊላህ።»

«ጎበዝ ነህ» አሉ ኦቦ ገመቹ። ያሉት ይህን ብቻ ነው። ይቅርታ ጠያቂም፣ ይቅር ባይም፣ አስታራቂ ሽማግሌም አላየሁም፤ አንድ ሾፌር የሌላውን ሾፌር ሙያ መሰከረ፣ በቃ።

እኔ ግን መቀመጫዬን ጨብጬ ቀረሁ። ለካ ያኔ እኛ ስናጨበጭብ ሰውዬው እንደሚሞት ሰው ሸሃዳ እያሉ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ቆራጥ ነው፣ ወደ ኋላ አይልም ብለን ካደነቅነው ሰው ስንቱ ማቆም አቅቶት ይሆን? ሆኖም አድናቆቴ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። ያን ሁሉ የሰው ልጅ በማርሽ ብቻ ደህና አድርሰው፣ ጠላት መባሉን ችለው የኖሩ ሰው ናቸው። ዝምታቸው ልክ ነበር ማለቴ አይደለም። ፍሬን የበጠሰ ሾፌር አሁን ቢገጥመኝ ግን እንደሳቸው ያለ እጅ ይስጠው።

ባምባሲ የቆምነው በፍሬኑ ይሁን በዳገቱ እስካሁን አላረጋገጥኩም። ሐጂ ወርደው ዝናብ ያራሰውን ወዳጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩና ቁልፉን ዘረጉላቸው። «አንተ መልሰን» አሉ፣ «እኔ እጠርጋለሁ።»

ኦቦ ገመቹ መሪው ላይ ተቀመጡ። የመሪውን ክብ በእጃቸው አንዴ አሻሹት። ከዚያ ባዶውን አውቶቡስ ትንሽ እያስኬዱ ፍሬኑን ረገጡ፤ ደግመው አስኬዱ፣ ረገጡ። እኛ ዝናቡ ውስጥ ተሰልፈን እናያለን። ሞክረው እስኪጨርሱ ድረስ አንድም ሰው አልተሳፈረም፤ ሐጂ ኢድሪስም ጭምር።