ለአንድነት ሽልማት ብዬ ጠረጴዛ የለየሁ ዕለት

ተስማምተው የሚኖሩ ሰዎችን ማጣላት የፈለገ ሰው ወሬ ማመላለስ አያስፈልገውም... «ፍቅራችሁን አሳዩኝና ልሸልማችሁ» ማለት ይበቃዋል! ካላመናችሁኝ ነገ ጠዋት ተፋቅረው የሚኖሩ ጎረቤቶቻችሁን አንኳኩና «ከሁላችሁ አብልጦ የሚፋቀረው የቱ ቤት ነው? ዋንጫ አለው!» በሏቸው። ሳይመሽ አጥር ሲያጥሩ ታገኟቸዋላችሁ።

ይህን ከማንም አልሰማሁትም፤ ራሴ ላይ ነው ያየሁት። ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ ባለ አንድ የበቆሎ ዱቄት ፋብሪካ የሰው ኃይል ኃላፊ ነኝ። «ኃላፊ» ስላልኩ እንዳትደነግጡ... ኃይሉ የሰዎቹ ነው፤ የኔ ድርሻ የዓመት ፈቃድ መፈረም ነው።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጃችን ኦቦ ጉተማ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«ታደሰ፣ ብዝኃነትን በሥራ ቦታ ላከበረ ድርጅት ሽልማት ሊሰጥ ነው። እኛም ገብተንበታል። ኮሚቴው ሐሙስ በምሳ ሰዓት ይመጣል።»

«ታዲያ ከኛ ሌላ ለማን ሊሰጡት ኖሯል!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ጉራ እንዳይመስላችሁ። እኛ ግቢ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ጴንጤው፣ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ሁሉም አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ነው ምሳ ዕቃውን የሚከፍተው። ጨዋታው በኦሮምኛ ይጀመርና በአማርኛ ያልቃል፤ ተረቡ ደግሞ በጉራጊኛ ይመረቅበታል።

«መኖሩስ አለ» አሉ ኦቦ ጉተማ፣ «ግን... ይታያል ወይ?»

ይታያል ወይ! ጉድ የሠራችኝ ይህቺ ጥያቄ ናት። ወጥቼ ሠራተኛውን ባየው ሁሉም ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሶ አንድ ዓይነት ነጭ ሆኗል! ማን ከየት እንደመጣ በምን ይታወቃል? ኮሚቴው ብዝኃነት ሊያይ መጥቶ ዱቄት አይቶ ሊመለስ?

ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል። እኔም ተነሳሁ። ማንጎው ሥር የነበረውን ረጅም አግዳሚ አስነስቼ ጠረጴዛዎች ለየብቻ አስቀመጥኩ። በየጠረጴዛው ላይ ባማረ ጽሑፍ ሰሌዳ አቆምኩ፤ «የኦሮሞ ባህል»፣ «የጉራጌ ባህል»፣ «የአማራ ባህል»... ምግቡንም አዘዝኩ። ለኦሮሞው የወለጋውን ሥራ ሥር አንጮቴ፣ ለጉራጌው ክትፎ፣ ለአማራው ደግሞ... አሰብኩ፣ አሰብኩ... ሽሮ! እኔው የደብረ ብርሃኑ ልጅ ስለገዛ ወገኔ ከሽሮ ሌላ አልመጣልህ አለኝ እኮ፣ ጎበዝ! ከዚያ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፍኩ፤ «ሐሙስ ልዩ ምሳ»። ልዩ ያልኩት ነገር ምን ያህል እንደሚለያይ ያኔ የት ገብቶኝ!

ሐሙስ ደረሰ። ሠራተኛው እጁን ታጥቦ ወጣና ማንጎው ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ የግዢ ሠራተኛችን፣ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ነቀምቴ የሸመገሉ።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ታደሰ?»

«የርስዎ ጠረጴዛ ነው፣ ጋሽ ወልዴ። ክትፎ!»

«ሐኪሙ ስለ ጨጓራዬ ያለኝን ረሳኸው? ደግሞስ እዚህ ማንጎ ሥር ሥጋ ቀርቦ ያውቃል?»

«ለምን አይቀርብም?»

«ሰይድ አይበላማ!»

ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ምሳ ዕቃው ሁሉ ሽሮና ጎመን፣ ድንችና አንጮቴ የሆነው ወደው ነው! ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙ ያረደውን ስለማይበላ፣ አብረው ለመብላት ሲሉ ሁሉም ሥጋውን ቤቱ ትቶ ነው የሚመጣው። እኔ የዋሁ ደግሞ ኑሮው ከብዷቸው ነው እያልኩ በሆዴ ሳዝንላቸው ኖሬያለሁ!

ሰይድ የማሽን ጥገና ሠራተኛችን ነው። ወላጆቹ ከወሎ መጥተው ጊዳ አያና የሰፈሩ ናቸው፤ እዚያ የብሔር ግጭቱ ሲብስ ልጆቹን ይዞ ወደ ነቀምቴ ወረደ። ያን ዕለት ጨዋ ሰው አይደል፣ ባሳየሁት ቦታ ሄዶ ሽሮው ፊት ብቻውን ተቀምጧል። ዓይኑ ግን ወዲያኛው ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ኦቦ ታደሰ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ወላሂ እኔኮ አንጮቴ ነው የምወድ...»

ይሄኔ ጫልቱ ደረሰች። ጫልቱ የማሸጊያ ክፍሉ አለቃ ናት፤ ወፍጮው እየጮኸ እንኳ ድምጿ ይሰማል። ሰሌዳዎቹን አንብባ ስትጨርስ ወደኔ ዞረች።

«ማሎ፣ ኦቦ ታደሰ! ምን አጥፍተን ነው የለዩን?»

«ለሽልማቱ ነው እኮ... ለአንድነቱ...»

«ሰይድ ከነልጆቹ የመጣ ጊዜ ግቢዬ ያስገባሁት ዘሩን ጠይቄ ነው? ልጆቹ ዛሬም ከልጆቼ ጋር ካንድ ሳህን ነው የሚበሉት። እርስዎ ግን አባታቸውን ብቻውን አስቀመጡት!»

መሬት ብትከፈትልኝ ከነከረባቴ እገባ ነበር። ሰይድ አንገቱን ደፋ። እኔ ሰው አሳያለሁ ብዬ ሰው አሳፈርኩ።

ከዚያ በኋላ ማን «አንሱ!» እንዳለ አላውቅም። ጠረጴዛው እየተጎተተ ይገጠማል፣ ሰሌዳው ይነቀላል፣ ክትፎው ወደ ጥበቃዎቹ ክፍል ይጋዛል... እኔም መሃል ቆሜ በኦሮምኛ እወቀሳለሁ፣ በአማርኛ እረገማለሁ፤ በጉራጊኛ የተባልኩትን እስከ ዛሬ የሚተረጉምልኝ አጥቻለሁ። «ኧረ በፈጠራችሁ፣ ኮሚቴው ሊመጣ ነው!» እያልኩ ዞር ብል... ኮሚቴው በሩ ላይ ቆሞ ያየናል!

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሂሩት የሚባሉ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ቀረብ ብለው በእጄ የቀረችውን ሰሌዳ አዩዋት።

«ይህቺ ምን ትሠራለች?»

«እ... ሁሉም በየባህሉ እንዲቀመጥ...»

«እናቴ የጊምቢ ኦሮሞ፣ አባቴ ጉራጌ፣ ባለቤቴ የትግራይ ሰው። እኔን የት ያስቀምጡኛል?»

ሰሌዳዋን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ። እሳቸውም መልስ ሳይጠብቁ ሄደው ከሰይድ አጠገብ ቁጭ አሉ። ሁሉም ተቀመጠ። እኔ ብቻ እንደ ባንዲራ እንጨት ቆሜ ቀረሁ። ሹልክ ልል ስል ጫልቱ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ይምጡ ባክዎ፣ አንጮቴው ሳይቀዘቅዝ።»

የሰደበህ ሰው ቦታ ሲለቅልህ ከስድቡ ይልቅ እሱ ነው የሚያንቅህ። የመጀመሪያውን ጉርሻ በውኃ ገፋሁት።

ሽልማቱማ ቀረ ብዬ ተስፋ ቆርጬ ስኖር፣ አሸነፋችሁ ተባልን! በሥነ ሥርዓቱ ቀን ወይዘሮ ሂሩት ምክንያቱን አነበቡ፤ «የዚህ ፋብሪካ ሠራተኞች ቋንቋና ሃይማኖት ሳይለያቸው በአንድ ድምፅ ሲቆሙ በዓይናችን አይተናል።» በማን ላይ እንደቆሙ በጨዋነት ዘለሉት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? ያን ቀን የታሰረው ግን የሰው ኃይል ኃላፊው ነው።

ዋንጫውን ጫልቱና ሰይድ ተቀበሉ። ምስጋና የማቅረቡን ነገር ግን ኦቦ ጉተማ በኔ ላይ ጣሉት፤ ያውም በኦሮምኛ። ነቀምቴ ልጆች ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ ኦሮምኛዬ ግን ገበያ ወርዶ ከመመለስ አላለፈም። የነቀምቴ ልጅ የሆነችው ባለቤቴ ንግግሩን ጻፈችልኝ፣ ሳምንቱን ሙሉም አስጠናችኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «የዛሬው ቀን ለኛ ታላቅ ቀን ነው» የሚል ነው። «ዛሬ» በኦሮምኛ «ሀርኣ» ነው፤ መሃሉ ላይ ጉሮሮን ያዝ አድርጎ መልቀቅ ይፈልጋል። የኔ ጉሮሮ ደግሞ በድንጋጤ ደርቋል...

መድረክ ላይ ወጣሁ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ድምፄን ጠራረግሁና «ጉያን ሀሬ ኑፍ ጉያ ጉዳዳ!» አልኩ፣ እጄን ወደ ላይ አንስቼ።

ኦቦ ጉተማ ግንባራቸውን ያዙ። ባለቤቴ ከፊት ወንበር ላይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ለካስ «ሀሬ» ማለት አህያ ነው፤ «የአህያ ቀን ለኛ ታላቅ ቀን ነው» ብዬ አውጄላችኋለሁ!

ያን ጊዜ ጫልቱ ዋንጫውን እንዳቀፈች ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ለበዓል ባለቤት እንደሚደረገው እጅ ነሳችና፣ አንቱታውን ሳታጓድል፣ በዚያ ወፍጮ በሚያሸንፍ ድምጿ መለሰችልኝ፤

«ባጋ ኢቲን ጌሰን፣ ኦቦ ታደሰ! እንኳን አደረሰዎ!»