ቀብሩ ላይ ያልተገኘው ሟች

(ካዛንቺስ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ቢሮ። ዘአማኑኤል ለአንድ እድር የስልክ ፕሮግራም ይሠራል። ፍሬሰላም የፕሮግራሙ ሰነድ እድሩ ከሚጠይቀው ጋር መስማማቱን ታያለች። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ መዝገቡ ስምንት ሰዓት ላይ መጥተው ሥራውን ሊረከቡ ነው።)

ፍሬሰላም፦ ሟቹ ራሱ ቀብሩ ላይ ተገኝቶ ስልኩን ይጫን የሚለው ግን እስካሁን አልገባኝም።

ዘአማኑኤል፦ አንቺ መቼ ገብቶሽ ያውቃል። ሟች የእድሩ አባል ነው፣ አይደለም?

ፍሬሰላም፦ ነው።

ዘአማኑኤል፦ ሰነዱ ምን ይላል? «ማንኛውም አባል ቀብር ላይ ተገኝቶ መገኘቱን በስልኩ ያስመዘግባል።» በቃ።

ፍሬሰላም፦ ድሮ «ሟችና ሀዘንተኛ ይታለፋሉ» የሚል ነበረበት እኮ።

ዘአማኑኤል፦ አጠፋሁታ። ጋሽ መዝገቡ በቴሌግራም «ከእንግዲህ ማንም አይታለፍም» ብለው ጻፉ። ሪኳየርመንት፣ የደንበኛው ጥያቄ ማለት ነው፣ ሲቀየር ሰነድ ይቀየራል።

ፍሬሰላም፦ እሳቸው ያሉት የቤት ሠራተኛ እየላኩ የሚቀሩትን ነዋ።

ዘአማኑኤል፦ ማንም ማለት ማንም ነው። እኛ እንጽፋለን እንጂ አንተረጉምም።

ፍሬሰላም፦ እሺ፣ ሟቹ ባይጫንስ?

ዘአማኑኤል፦ ከአባልነት ይሰረዛል።

ፍሬሰላም፦ የተሰረዘ ሰው እድሩ ይቀብረዋል?

ዘአማኑኤል፦ አይቀብረውም። ወደ ቤቱ ይመለሳል። ካልተቀበረ ደግሞ የቀረበት ቀብር የለም፤ ስለዚህ አባልነቱ ይመለስለታል።

ፍሬሰላም፦ ከዚያ ይቀበራል?

ዘአማኑኤል፦ አዎ። ማለቴ፣ መጀመሪያ ካልተጫነ... (በጣቱ ይቆጥራል)

ፍሬሰላም፦ እኔ ዘገምተኛ ሆኜ ነው እንጂ፣ ይሄ ሬሳ እስከ መቼ ነው የሚመላለሰው?

ዘአማኑኤል፦ አትነዝንዢኝ። ከቁርስ በኋላ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል።

ፍሬሰላም፦ ማንን ገድለህ?

ዘአማኑኤል፦ ራሴን። በሰው ስም አልቀልድም። እኔም የዚያው እድር አባል ነኝ።

ፍሬሰላም፦ ትናንት እኮ የአባላቱን እውነተኛ ስልክ አስገብተሃል።

(የቢሮው ስልክ ይጮኻል። ፍሬሰላም ታነሳለች።)

ፍሬሰላም፦ አቤት ጋሽ መዝገቡ... ኧረ እዚሁ ቁጭ ብሎ እየተከራከረኝ ነው... እሺ፣ እነግረዋለሁ። (ትዘጋለች) ስምንት ሰዓት ላይ አይመጡም። ቡልጋሪያ ሰፈር፣ እናትህ ደጅ ድንኳን እያስተከሉ ነው።

ዘአማኑኤል፦ ማን ሞቶ?

ፍሬሰላም፦ አንተ። እናትህ «ቁርሱን በልቶ ነው የወጣው» ቢሉም የሚሰማቸው አጥተዋል፤ የአባላቱ ስልክ ሁሉ «ዘአማኑኤል ሞቷል» ብሏላ።

ዘአማኑኤል፦ በሕይወት አለ አላልሻቸውም?

ፍሬሰላም፦ አልኩ። ግን ፕሮግራሙ ቀብር መሰረዣ የለውም። ሰዉ ደግሞ ከቀረ እሰረዛለሁ ብሎ ፈርቶ፣ ነቅሎ እየመጣ ነው።

ዘአማኑኤል፦ መሰረዣ ማንም አልጠየቀኝማ። (ኮቱን ያነሳል)

ፍሬሰላም፦ ወዴት ነው?

ዘአማኑኤል፦ ቀብሩ ላይ ልገኝ ነዋ። የእናቴ አባልነት በእኔ ስም ነው። እኔ ከተሰረዝኩ፣ እሷ አንድ ነገር የሆነች ቀን ማን ይቀብርልኛል?

ፍሬሰላም፦ ተቀመጥ። ጋሽ መዝገቡ ሀሳባቸውን ቀይረዋል፤ «ሟች ይታለፍ» ብለዋል።

ዘአማኑኤል፦ በጽሑፍ?

ፍሬሰላም፦ አሁን በስልክ።

ዘአማኑኤል፦ እኔ በወሬ ሰነድ አልቀይርም። (በሩን እየከፈተ) አታዘግዪኝ፣ ቀብሬ ሊያመልጠኝ ነው።

ፍሬሰላም፦ (ወደ ሥራዋ እየዞረች) ነፍስ ይማር።