እስከ ምሳ የሚቆይ መልቀቂያ

ሥራ ሊለቅ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ካለም ገና ደመወዝ መክፈል ያልጀመረ ነው። የዚህ ሰው ልቡ ከሸፈተ ዓመታት አልፈዋል፤ እግሩ ግን ጠዋት ጠዋት ከሁላችንም ቀድሞ ይገባል።

የእኛው ሰው ክቡር ተሰናባች ይባላሉ። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ የአንድ መድን ድርጅት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ ለፋይልም ለሰውም ስም ማውጣት ልማዴ ነው። የእሳቸው ሥራ ቤቱ ለተቃጠለበት፣ መኪናው ለተገለበጠበት ሰው "ካሳ አይከፈልዎትም" ብሎ መንገር ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። "ይከፈልዎታል" የሚባልበት ክፍል ሌላ ነው፤ እዚያማ ከረሜላ ሳይቀር ይቀርባል። ክቡርነታቸው ጠረጴዛ ላይ ግን ሊወረወር የሚችል ነገር አይቀመጥም፤ እስክሪብቶው እንኳ በገመድ ታስሮ ነው የሚውለው። ወንበሩን ማንም ስለማይፈልገው ደመወዙ የእኛን ሦስት እጥፍ ነው።

ስድቡንማ ምኑን ልንገራችሁ። አንድ የከባድ መኪና ባለንብረት ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት እየቆጠረ ሲሰድባቸው ቆይቶ ጉሮሮው ደረቀና ውሃ ለመነ። ክቡርነታቸው በእጃቸው ቀዱለት። ጠጣና ከስምንተኛው ቀጠለ።

አንዴ ቤታቸው ጋብዘውኝ ነበር። ሌላ ሰው ቤቱን ሲያሳይ ይሄ ሳሎን ነው፣ ይሄ መኝታ ቤት ነው ይላል። እሳቸው "ይሄ ሶፋ የባለመኪናዎቹ ነው" አሉኝ። ማቀዝቀዣው ካሳ የተከለከለ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ጠረጴዛ የገለበጠባቸው ወር የተገዛ ነው። ባለቤታቸው አዲስ መጋረጃ ባማራቸው ቁጥር በዚህ ወር ማን ሊሰድብህ ነው ብለው ይጠይቋቸዋል አሉ።

"ጋሼ፣ ታዲያ ለምን አይለቁም?" ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ "ይህችን ወር ብቻ።"

የሚሄዱበት አጥተው አይደለም። አማቻቸው ብስክሌት መጠገኛ አላቸው። ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ጎንበስ ብለው፣ እጃቸው በቅባት ጠቁሮ፣ ጎማ ሲለጥፉ አይቻቸዋለሁ። ደንበኛው ተናዶ ይመጣል፣ እየሳቀ ይሄዳል። አማችየው ቦታ ይዘውላቸዋል፤ የሚከፈለው ግን ከሶፋው አንድ ትራስ እንኳ አይገዛም።

ስለዚህ በየወሩ መልቀቂያ ይጽፋሉ። በእኛ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቁጥር ተሰጥቶት ማኅተም ካላረፈበት ደብዳቤ ስላልሆነ ሁሉም በእኔ እጅ ያልፋል። ሦስት ሰዓት ላይ ደረታቸውን ነፍተው ያስገባሉ። ምሳ ሊደርስ ሲል አንገታቸውን ደፍተው ይመጡና አንዲት ቃል የምትታረም አለች ብለው ይወስዱታል። በሰባት ዓመት ሰማንያ ያህል መልቀቂያ አንብቤያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አጻጻፋቸው በጣም ተሻሽሏል።

ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዳቸው አስገቡ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ አልመጡም። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ አልመጡም። ጨነቀኝና ክፍላቸው ሄድኩ።

ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ደብዳቤውን ካስገቡ በኋላ ሱቃቸውን ጎርፍ የወሰደባቸው አንዲት እናት መጥተው ነበር። ውላቸው ደግሞ ጎርፍን አይጨምርም። ክቡርነታቸው እንደ ወትሮው አስረድተው፣ እንደ ወትሮው ትከሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ስድቡን ጠበቁ። ሴትዮዋ ግን ተነሡና "ቁጭ ብለህ ስላስረዳኸኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ" ብለው፣ መርቀዋቸው ወጡ።

"ለስድቡ ይከፍሉኛል፤ ተስማምቼ ነው የገባሁት" አሉኝ። "ምርቃቱን ግን የት ላድርገው?"

ለባለቤታቸው በስልክ ነግረዋቸው፣ እሳቸውም መጋረጃው ይቅር ብለዋል።

ደብዳቤው ገና መሳቢያዬ ውስጥ መሆኑን ነገርኳቸው። እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ። ደንቡ ደብዳቤ በገባ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ይድረስ ይላል። ሰባት ዓመት ሙሉ የእሳቸውን እስከ ምሳ እያቆየሁ የኖርኩት እኔ ነኝ። ለቤተሰባቸው አስቤ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ቆየሁ እንጂ እንዳይሄዱብኝ ብዬ ነው። እወዳቸዋለሁ።

"አውቃለሁ" አሉ ክቡርነታቸው። "አንተ ባታቆይልኝ መች ደፍሬ እጽፍ ነበር? የዛሬውን ግን አታቆየው፣ ወንድሜ።"

ቁጥር ሰጠሁት፣ ማኅተሙን መታሁበት፣ ደረጃውን ወጣሁ። ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን ዘርግተው ደብዳቤውን ያዙት፤ ሳቡት፤ አልመጣም። ደግመው ሳቡና ቀና ብለው አዩኝ። ለካ እኔም ጫፉን አጥብቄ ይዤው ኖሯል።