የክብርት ቅመሱልኝ የበረዶ ቡና

ሰፈር ያለ ውሃ ይሰነብታል፤ ያለ መብራትም እንደሚሰነብት ሁላችንም አይተናል። ያለ ቅመሱልኝ ግን አንዲት ሳምንት አይዘልቅም። ቅመሱልኝ ማለት ከስልኳ አንድ ነገር አይታ፣ ሁለት ነገር ከራሷ ጨምራ፣ ብርጭቆ በትሪ ይዛ በራፍዎ ላይ የምትቆም ሴት ናት። "እስቲ ቅመሱልኝ፤ ሐቁን ንገሩኝ" ትላለች። ሐቁን የነገሯት ሰዎች አሉ ይባላል፤ አሁን የሚኖሩት ሌላ ሰፈር ነው።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ወይዘሮ የኔነሽ ናቸው። ሠላሳ ዓመት አስተምረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሙሉ ጊዜያቸውን የሰጡት ለበረዶ ቡና ነው። ደሴን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ሊመስለው ይችላል። ደሴ ግን ሰው በቀትር ጋቢውን ደርቦ ፀሐይ ያረፈችበትን ግድግዳ የሚፈልግባት ከተማ ናት። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ሳይጋበዝ ቤት ይገባል። እዚህ ፍሪጅ መግዛት ራሱ ያስወራል። እሳቸው ግን ፍሪጅ ገዝተው፣ ሽንኩርቱንና ሥጋውን አስወጥተው፣ ከላይ እስከ ታች ቡና ሞሉበት።

የዚህ ሁሉ የመጀመሪያ ተጠቂ ባለቤታቸው አቶ ማረው ነበሩ። አቶ ማረው ዕድሜያቸውን በጋራዥ የጨረሱ መካኒክ ናቸው፤ ከመኪና ሆድ ውስጥ ያላወጡት ነገር የለም። ያም ሆኖ ከአቮካዶ ጋር የተፈጨው ቀዝቃዛ ቡና ፊታቸው በተቀመጠ ቀን ትንሽ አመነቱ። ቀመሱት። ሐቁን ንገረኝ ተባሉ።

"ግሪስ ይመስላል" አሉ።

ወይዘሮ የኔነሽ ሦስት ቀን አላናገሯቸውም። በአራተኛው ቀን "የተሻሻለው" ብለው ሌላ ብርጭቆ ይዘው መጡ። ከዚያ ወዲህ አቶ ማረው በተጠየቁ ቁጥር "መንገድ ላይ ነው" ማለትን ለመዱ። ውሸት አይደለም፤ ወዴት የሚወስድ መንገድ እንደሆነ ደግሞ ማንም አልጠየቃቸውም።

አንድ ነገር ግን በልባቸው አድንቀው፣ አፍ አውጥተው ሳይናገሩ ኖረዋል። ወይዘሮ የኔነሽ በረዶውን ከውሃ አይሠሩትም። ቡናውን ወፍራም አድርገው አፍልተው፣ አጥልለው፣ ራሱን ቡናውን በረዶ ያደርጉታል። ብርጭቆ ውስጥ ሲቀልጥ መጠጡን አያቀጥነውም፤ እየቆየ ይጠነክራል እንጂ። አቶ ማረው ይህን ባዩ ቀን ጥሩ ሞተር ከፍተው እንዳዩ ሁሉ ቆመው ቀሩ። ቢናገሩ ግን በቀን የሚቀምሱት ብርጭቆ ሦስት ይሆናልና ዝም አሉ።

ጎረቤቱ በበኩሉ የራሱን መከላከያ አበጀ። ወሎ ሰው ቡና እንቢ አይልም፤ ነውር ነው። ጾመኛ ነኝ ማለት ግን ነውር የለውም። የግድግዳ ጎረቤታቸው ነጂባ ትሪውን ከሩቅ ስታይ፣ "ወላሂ እትዬ፣ ሐሙስን እየጾምኩ ነው" አለች።

"አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሉ ወይዘሮ የኔነሽ። አዛን ሲል ብርጭቆው በነጂባ በር ላይ ነበር፤ "ለማፍጠሪያሽ" ተብሎ።

ከማዶ ያሉት ጋሽ ደጉ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ወተት እንደማይነኩ አስታወሱ። በሌላው ቀን ያን ያህል ጾመኛ አልነበሩም። ወይዘሮ የኔነሽ ወተቱን ጥለው ለውዝ ጨመቁበት። ጋሽ ደጉ ለውዝ ጨጓራቸውን እንደሚነካቸው ተናገሩ፤ ለውዙ ወጣ። ሌላዋ ስኳር ከፍ ብሎብኛል አለች፤ ስኳሩ ወጣና በክረምት ከየአጥሩ በሚለቀመው የቁልቋል ፍሬ ጭማቂ ተተካ። ጉንፋን ያሉ፣ አንድ ቀን አቶ ማረውም ጭምር፣ ሎሚና ዝንጅብል ተጨመረላቸው። እንቅልፍ ይነሳኛል ያለ ሰው በማግስቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ይህ ሁሉ በመምህር ደብተር ላይ፣ በግራ ሰበቡ፣ በቀኝ መድኃኒቱ እየተባለ ይጻፍ ነበር።

በደብተሩ የአንድ ሰበብ ቀኝ በኩል ብቻ ባዶ ሆኖ ቀርቷል። ያም የወይዘሮ ስመኝ ነው።

ወይዘሮ ስመኝ የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ የነወይዘሮ የኔነሽ ልጅ የሊድያ አማት፣ የባሏ የአብርሃም እናት። ባለፈው ዓመት በሠርጉ ማግስት ወይዘሮ የኔነሽ ብርጭቆ ይዘው ሲቀርቡ፣ ተቀብለው፣ አዩት፤ ሳይቀምሱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "የቀዘቀዘ ቡና የሚሰጠው ለማይፈለግ እንግዳ ነው" አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። ሊድያ አንገቷን ደፋች። ወይዘሮ የኔነሽ ደሴ እስኪደርሱ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ "አንድ ቀን ትጠጣዋለች።" አቶ ማረው ግን ያን ቀን የፈሩት ለቡናው አልነበረም። ልጃቸው ከእኒህ ሴት ጋር ዕድሜ ልኳን አንድ ከተማ ልትኖር ነው።

ዘንድሮ ሊድያና አብርሃም ኮምቦልቻ ላይ ቤት ሠሩ። የተከራዩትን ልቀቁ ስለተባሉ የቤቱ ምርቃት ፍልሰታ መሐል ላይ ወደቀ። ወይዘሮ የኔነሽ ስልክ አንሥተው ለልጃቸው፣ "መጠጡ በእኔ ነው፤ ምንም እንዳትገዙ" አሉ። አቶ ማረው ጓሮ ወጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለአማቻቸው ደወሉ። "አብርሃም፣ ለማንኛውም ሦስት ሳጥን ለስላሳ አስገባ። እንዳትናገር ብቻ።"

በምርቃቱ ጠዋት ወይዘሮ የኔነሽ የሦስት ቀን የቡና በረዶ በወፍራም ፌስታል ሞልተው፣ ዙሪያቸውን ማየት ጀመሩ። ዓይናቸው ባላቸው ትከሻ ላይ አረፈ።

"ጋቢህን ስጠኝ።"

"ይበርደኛል'ኮ።"

"ኮምቦልቻ ነው የምንሄደው፤ ምን ይበርድሃል? ጋቢ ሙቀት አይሠራም ማረው፤ ያገኘውን ይጠብቃል። አንተን ሲያገኝ ሙቀትህን፣ በረዶ ሲያገኝ ብርዱን።"

ነገሩ ልክ ነበር፤ አቶ ማረው ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡ። በጋቢ የተጠቀለለውን በረዶ ጭናቸው ላይ አድርገው ሚኒባስ ተሳፈሩ። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ አየሩ እየሞቀ መጣ፤ ሰው ሁሉ ልብሱን ማውለቅ ጀመረ። ከጎናቸው የተቀመጠች ሴት ጥቅሉን ብዙ ካየች በኋላ፣ "አባባ፣ ሕፃኑ አይታፈንም?" አለች። አቶ ማረው ጥቅሉን ጠበቅ አድርገው ይዘው፣ "ለምዶታል" አሉ።

አዲሱ ቤት ሲደርሱ አብርሃም በሩ ላይ ተቀበላቸው። ደግ ልጅ ነው፤ ምስጢር ግን አይዋጥለትም። "አባባ፣ ያዘዙኝ ለስላሳ ያውና" ብሎ ጥግ ላይ የተደረደሩትን ሳጥኖች አሳየ።

ወይዘሮ የኔነሽ ሳጥኖቹን አዩ። ከዚያ ባላቸውን አዩ። ነጠላቸውን አስተካክለው አልፈው ገቡ። አቶ ማረው ከዚያ ሁሉ ብርጭቆ ይልቅ ያች ዝምታ መረረቻቸው፤ አቮካዶውም ተመልሶ ቢመጣ በደስታ በጨለጡት።

ቄሱ ቤቱን ባርከው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሞልቶ፣ እንግዳው ተቀመጠ። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ሥር ይወርድ ነበር። ወይዘሮ የኔነሽ በየብርጭቆው የቡናውን በረዶ አድርገው፣ ቀይ የቁልቋል ጭማቂ ከሎሚና ከዝንጅብል ጋር አፍስሰው፣ ጤና አዳም ቅጠል ጣል አደረጉበት። የመጀመሪያውን ይዘው በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ስመኝ ሄዱ። እንግዳው ሁሉ ዞሮ አያቸው፤ የሠርጉን ወሬ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

"እስቲ ቅመሱልኝ።"

"ፍልሰታ አይደል እንዴ?" አሉ ወይዘሮ ስመኝ።

"ወተት የለበትም።"

"ስኳር አለብኝ፤ ሐኪም ከልክሎኛል።"

"ስኳር አልነካውም፤ የፍሬው ጣዕም ነው። አንድ ጉንጭ ይበቃል።"

"ጉሮሮዬንም..."

"ዝንጅብል አለበት።"

"እንቅልፍ ይነሳኛል።"

"ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው።"

አቶ ማረው አፋቸውን ከፍተው ይሰሙ ነበር። የጋሽ ደጉ ጨጓራ፣ የነጂባ ሐሙስ፣ የእሳቸው የራሳቸው ጉንፋን፣ ደሴ ሁለት ዓመት ሙሉ የዋሸው ውሸት ሁሉ ተሰብስቦ እዚያ ብርጭቆ ውስጥ መልስ ሆኗል። ሌላው ሰው እንቢ ሲባል ይተዋል፤ ሚስታቸው ግን እንቢታውን እየለቀሙ መጠጥ ሠሩበት። ይህችን ሴት ነው ያገባሁት አሉ በልባቸው፤ ደረታቸው ሞላ።

ወይዘሮ ስመኝ በመጨረሻ የያዙትን አወጡ። "እትዬ የኔነሽ፣ ዓምናም ብዬዎታለሁ። የቀዘቀዘ ቡና የሚሰጠው ለማይፈለግ እንግዳ ነው።"

ለዚህኛው ሰበብ የደብተሩ ቀኝ ባዶ ነበር። ወይዘሮ የኔነሽ ብርጭቆውን ወደ ደረታቸው ሳቡት፤ ሊድያ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ይህን አየች።

አቶ ማረው ተነሡ። ሰው ፊት መናገር የማይወዱ ሰው ናቸው። ጥግ ከተጣለው ጥቅል ላይ ጋቢያቸውን አንሥተው መጡ፤ ውሃው መሬት ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

"እትዬ ስመኝ፣ እርስዎ የሚሉት የተረሳ ቡና ነው። የተረሳ ቡና በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል። ይሄ አልተረሳም። ሦስት ቀን ተለፍቶበታል። እንዳይሞቅብዎ ብላ ከትከሻዬ ላይ ጋቢዬን ገፍፋ ጠቀለለችው። እኔ ጠርጥሬ እነዚያን ሳጥኖች አዝዣለሁ፤ አጥፍቻለሁ። እሷ ግን ለማይፈለግ እንግዳ ይህን አታደርግም፤ ለእኔም አድርጋው አታውቅም።"

ወይዘሮ ስመኝ እጃቸውን ዘርግተው ጋቢውን ዳሰሱት። እርጥብ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ብርጭቆውን ተቀብለው ጠጡ፤ አንድ ጉንጭ፣ ሌላ ጉንጭ፣ እስከ አተላው። በረዶውን በጥርሳቸው ሲሰብሩት ተሰማ። የጨረሱትን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንሥተው ተመለከቱት።

"ብርጭቆው ትንሽ ነው" አሉ። ዞር ብለውም፣ "ሊድያ፣ ልጄ፣ ትልቁን አምጪልኝ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን መዘርዘር አያስፈልግም። ለስላሳው እንደታሸገ ወደ መጣበት ሱቅ ተመለሰ። ወይዘሮ ስመኝ ሲሸኟቸው መርቀው፣ የተረፈውን መጠጥ ግን ለማስቀረት ሞክረው ነበር፤ ለነአቶ ማረው ለመንገድ የተረፈው ግማሽ ጆግ ብቻ ነው።

ሚኒባሱ አመሻሽ ላይ ሐረጎን ሲወጣ ደሴ ብርዷን ቁልቁል ላከች። አቶ ማረው ያለ ጋቢ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ወይዘሮ የኔነሽ መስኮቱን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የሳጥኖቹን ነገር አንድም ጊዜ አላነሡም። አቶ ማረው ጆጉን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ በክዳኑ ቀዱና ከጎናቸው ፎጣ ተከናንቦ ወደተቀመጠው መንገደኛ ዞሩ።

"እስቲ ቅመስልኝ። ባለቤቴ ናት የሠራችው። ሐቁን ንገረኝ።"

መንገደኛው ክዳኑን አየ፤ የሚንሳፈፈውን በረዶ አየ፤ ፎጣውን አጥብቆ ተከናነበ። "ጉንፋን ይዞኛል፣ አባባ" አለ።

ወይዘሮ የኔነሽ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ።

"አብሽር" አሉ አቶ ማረው፣ ክዳኑን ይበልጥ እያስጠጉ፤ "ዝንጅብል አለበት።"